ሔለን አትምልም

አሶሳ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዲያቆን ሰራዊት፤ ኖርዌይ፣ በርገን።

የጌታችን ሰላም አንተ ባለህበት በዚያ ዝናብ በማያባራበት አገር ይድረስህ። የጀመርነውን ዐቢይ ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያብቃን። እኔና ልጄ ሔለን ደኅና ነን። ባለቤቴ ፈንታም ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ ሥራ አልፈታም፤ ባለፈው ደውሎ ሙቀቱ ገደለኝ ብሏል። ሰላምታው በዚህ ይብቃና ወደተናደድኩበት ልግባ።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። ስልኩ ከሔለን እጅ አይወጣም፤ ድምፅ ብልክልህ ትሰማዋለች። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ ሕብረት ደብዳቤዬን ፎቶ አንስታ በራሷ ስልክ ትልክልሃለች። መልስህንም ለእሷ ላክ። ለሔለን ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳትል።

ለመሆኑ ምን አድርገህብኝ ነው? ለበርገን ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረውን ሁሉ ለእኔም ልጅ ትልክላታለህ። እምነት የእሑድ ብቻ አይደለም፣ ሰኞም ማክሰኞም፣ ትምህርት ቤትም ገበያም ነው ብለሃታል። ደግ ብለሃል፤ ማን ጠላ? እኔማ ዕቃ ማጠብ ይመጣል፣ እናትን መታዘዝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። እሷ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ለቅማ ያነሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መማል ክልክል ነው። አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም፣ አለቀ።

አንተ ገበያ ከረሳህ ቆይተሃልና ላስታውስህ። እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ። ሰው ይመጣል፣ ቆንጠር አድርጎ ያሸታል፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ «ማርያምን በይ» ይላል። «ማርያምን! ባዕድ ነገር አልገባበትም» እላለሁ። ይገዛና ይሄዳል። ያለ ሚዛን መሸጥ ይቻል ይሆናል፤ ያለ ማርያምን ግን አይቻልም። ባለፈው ቅዳሜ ሔለንን አስቀምጫት ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ልጅሽን ማርያምን በይ ብላት እምቢ አለች። ምን ቀላቅላችሁበት ነው?»

ሔለንን ዞሬ አየኋት።

«ንጹሕ ነው አልኳት፣ እማ። አላመነችኝም።»

«ታዲያ ማይላታ!»

«አልምልም። ንጹሕ ነው ካልኩ ንጹሕ ነው።»

ሴትዮዋ በርበሬውን መልሳ አፍስሳ ሄደች። ይህ አንሶ ሌላው ሰው «የዘንድሮ ነው?» ሲላት «ላይ ያለው የዘንድሮ ነው፤ ታች ያለው የአምና ነው» ብላ አረፈችው። ስለ ታቹ ማን ጠየቃት? የአምናው እኮ ምንም አልሆነም!

እባክህ ጻፍላት። የገበያ መሐላ ከመሐላ አይቆጠርም በላት። ዲያቆን ነህ፣ መላ አታጣም።

በጸሎትህ አትርሳን።
ደሟ የፈላ እህትህ ጤናዬ


በርገን፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለእትዬ ጤናዬ፤

እግዚአብሔር አምላክ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ። ቤትሽን በረከት ይሙላው፤ የፈንታንም ድካም ይቁጠርለት። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ የዓሣ ፋብሪካው ሥራ በፈረቃ ስለሆነ እንቅልፌም ተዛብቷል።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ዕንባዬ መጣ። እትዬ፣ ምን ያለ ልጅ እንደሰጠሽ አታውቂም። እኔ እዚህ የማስተምራቸውን ልጆች ብታዪ ታዝኚልኝ ነበር። አንዱ ስልኩን ጭኑ ሥር ደብቆ ይጫወታል። አንዷ በየመሐሉ ሰዓት ትጠይቀኛለች። እምነታችሁን ኑሩት ስላቸው «እንዴት?» ይሉኛል። እንዴት እንደሆነ የማሳያቸው ሰው አልነበረኝም። ባለፈው እሑድ የአሶሳዋን ሔለን ነገርኳቸው፤ በርበሬ እየሸጠች አልምልም ያለችውን። ስልኩን የደበቀው ልጅ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ!

ታዲያ ይህን አይቼ የገበያው አይቆጠርም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ጥቂት ደንበኛ ቢሸሽሽ ሌላ ይመጣል። እባክሽ አትጫኛት።

ልጆቹ ስለ እሷ ገና ብዙ መስማት ይፈልጋሉ። ጾሙን እንዴት እንደያዘችው፣ በስንት ሰዓት እህል እንደምትቀምስ ጻፊልኝ። ፎቶዋንም ላኪልኝ፤ ማዕተቧ የሚታይበት ቢሆን ደስ ይለኛል። ደግሞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ትንሽ በርበሬ ብትልኪልኝ። ከላይ ካለው ይሁን።

ሁሌም በጸሎቱ የሚያስብሽ ወንድምሽ
ሰራዊት


አሶሳ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰራዊት፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እኛ ጋ ሰላም የለም። በርበሬም አልላክሁም፣ ፎቶም አልላክሁም። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሔለንን ጓደኛ ኢንዓምን ነግሬህ አላውቅ ይሆናል። በገበያው ከእኔ ፊት ለፊት ማንጎ የሚነግዱት የሐምዳንና የሳሊማ ልጅ ናት። የዚሁ የአሶሳ ተወላጆች፣ በርታዎች ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ዘንድሮ ሁለቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናቸው።

ኢንዓም የቤተ መጻሕፍት ክበብ ሰብሳቢ ስለሆነች የክፍሉ ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። ከዒድ ማግስት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ እዚያ የነበረው ላፕቶፕ ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አቋቁሞ ልጅቱን ያዛት። የዚያን ቀን መምህር ስላልመጣ ክፍላቸው ከምሳ በኋላ ተለቆ ነበር። የት ነበርሽ? ቤት። ማን አየሽ? እናቴ። እናትማ ለልጇ ትመሰክራለች ብለው ተዉት። ሌላ ምስክር ካልተገኘ ትባረራለች ብለዋል። ከተባረረች ፈተና የለም።

ወንበር ተጋሪ ስለሆነች ሔለንንም ጠሯት። እዚያ ምስክር ሁሉ ይምላል፤ ክርስቲያኑ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ ሙስሊሙ በቁርዓን። የእኔ ልጅ ምን አለች? «አልምልም።» ሳትምይ የምትናገሪውን አንሰማም ብለው መለሷት። እንኳን ደስ አለህ!

ትናንት ሳሊማ ማንጎዋን ትታ መጣችብኝ። እንደወትሮዋ አልሳቀችም።

«ጤናዬ፣ ልጅሽ ያውቃል። ልጅሽን ጠይቅ» አለችኝ፣ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛዋ።

«ምን ታውቃለች?»

«እኔ መናገር አልችልም። ኢንዓም አስምሎኛል፤ ወላሂ ብያለሁ። ኸላስ።» ይህን ብላ ተመለሰች።

አየህልኝ? እሷ ስለማለች አትናገርም፤ የእኔዋ ስለማትምል አትናገርም። እኔ በመሐል ቤት ላብድ ነው። ሔለንን ምን ታውቂያለሽ ብላት «አልምልም አልኩ እኮ» ብላ መጋረጃውን ጎትታ ተኛች። እህል ከቀመሰች ቆየች፤ ጾም ነው እንዳልል ከመሸም አትበላም።

ኮሚቴው ሚያዝያ 6 ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመጣል። አንተ ያሰርከውን አንተ ፍታ። ማይ በላት። የሰው ልጅ ዕድል ነው፤ በርበሬ አይደለም።

ጤናዬ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰራዊት፤

ደኅና ነህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ ደግ ነበር፤ ግን ደኅና እንደሆንክ አውቃለሁ። ደብዳቤዬን ማንበብህን ሕብረት በስልኳ አይታ ነግራኛለች። አንብቦ ዝም ማለትን ማን አስተማረህ? ኢንዓም ትምህርት ቤት መምጣት አቁማለች። ሐምዳን ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም። በአሥራ አምስት ዓመት ጉርብትና እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

መልስ።

ጤናዬ


በርገን፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጤናዬ፤

የአምላክ ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለይሽ። ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ስጸልይ ሰነበትኩ።

እትዬ፣ ማይ አልላትም። ፈተና የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። በርበሬ ላይ የጸናች ልጅ ነገሩ ሲከብድ ብትለቅ ያኛውም ከንቱ ይሆናል። ሰማዕታት አንዲት ቃል በሉና ትድናላችሁ ሲባሉ እምቢ ብለው የለም? ልጆቼ ጉዳዩን በየሳምንቱ ይከታተላሉ። በስሟ ጸሎት ይዘዋል። በጽናቷ እኮራለሁ፤ አንቺም ኩሪ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለበትም። አትምልም፣ እሺ። ሳትምል የምትለውስ ምንድን ነው? አይታለች ወይስ አላየችም? ኮሚቴው ባይሰማ አንቺ እናቷ ነሽ፤ ላንቺ ለምን አልነገረችሽም?

ለሆሳዕና በሰላም ያድርሳችሁ።

ወንድምሽ ሰራዊት


አሶሳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰራዊት፤

እንኳን ለሰሙነ ሕማማት በሰላም አደረሰህ። በሕይወትህ አንድ ደህና ጥያቄ ጠይቀሃል፤ ለዚያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ትናንት ከሆሳዕና ቅዳሴ ስንመለስ ጥያቄህን እንዳለ ጠየቅኋት። መሐላውን ተዪው፣ ዝም ብለሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ የት ነበረች አልኳት። ዘንባባውን ከጣቷ ላይ ፈታ እንደገና ጠመጠመችው። ከዚያ «ከእኔ ጋር» አለች።

«የት?»

«እነሱ ቤት። እስኪመሽ። ቦርሳዋ ከነቁልፉ አጠገቤ ነበር።»

«ታዲያ ይህን መናገር ምን ገደደሽ?»

ምን እንደገደዳት ልንገርህ። የዒድ ማግስት ነው። ከዒዱ የተረፈ ሥጋ ቀርቧል። የእኔ ልጅ፣ ያንተ ሰማዕት፣ በዐቢይ ጾም ቁጭ ብላ በላች።

«አስገደዱሽ?» አልኳት፤ አዎ እንድትለኝ እየለመንኩ።

«አላስገደዱኝም። እንዲያውም ሳሊማ ጾም አይደለሽም ወይ ብላኛለች። ሸተተኝ፤ በላሁ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የጮህኩት ስለ ሥጋው ነው። ጾም መሻሯ አንሶ የነሱን ሥጋ! ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ደክሞኝ ስቀመጥ ነው ኢንዓም ትዝ ያለችኝ። ያቺ ልጅ «ሔለን አይታኛለች» ብትል በማግሥቱ ነፃ ትወጣ ነበር። አላለችም። ሔለን እንዳታፍር ብላ እናቷን ሳይቀር አስምላ ከትምህርት ገበታዋ ቀረች። የእኔዋ ደግሞ አልምልም በምትለው ቃል ተሸፍና ተኛች።

«አጎቴ እኮ ስለ ጾሜ ለልጆቹ ነግሯቸዋል» አለችኝ እያለቀሰች። «ሠላሳ ልጆች አንቺን ነው የሚያዩት ብሎ ድምፅ ላከልኝ። ምን ልበል?»

ትንፍሽ እንዳትል አላልኩህም ነበር? አንተን ለማግኘት ባሕር መሻገር ባይኖርብኝ ኖሮ!

ዛሬ አብሬያት ሄድኩ። ሐምዳንና ሳሊማም አሉ፣ ኢንዓምም አለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ሔለን ገፋ አደረገላት። አልነካችውም። ቆማ እንዲህ አለች፦ «ሰኞ ከምሳ በኋላ ኢንዓም ከእኔ ጋር ቤታቸው ነበረች። ቁልፉም እዚያው ነበር። እስካሁን ዝም ያልኩት ስለማልምል አይደለም። ጾሜን ሽሬ ሥጋ ስለበላሁ፣ እሱ እንዳይታወቅብኝ ነው።»

ሰብሳቢው የደብራችን ማኅበርተኛ ነው፤ ሔለንን በመዝሙር ልብስ ነው የሚያውቃት። መጽሐፉን አነሳና መሳቢያው ውስጥ አስገባው። «ይበቃል። በራሷ ላይ እንዲህ የምትናገርን ልጅ ምን ብዬ አስምላታለሁ» አለ። ኢንዓም ነገ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ሌላ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠያየቁ፤ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ለምን አልተናገርሽም ብለው ኢንዓምን ጠየቋት። «የእሷ ነገር ነው። እሷ ትናገር ብዬ ነው» አለች። ከዚያ በሔለን አጠገብ አለፈች፤ አላየቻትም።

ጤናዬ


በርገን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጤናዬ፤

ሰላም ለቤትሽ። ካነበብኩት በኋላ ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሥጋ? በዐቢይ ጾም? ያውም የእስላም ሥጋ? ሌላ ቀን አጥታ ነው? እኔ እዚህ ምን ያህል እንዳወራሁላት ታውቃላችሁ? ዛሬ ለሕማማቱ ጸሎት የመጡት ልጆች «ሔለን ከምን ደረሰች?» ብለው ጠየቁኝ። ጉንፋን ይዟታል አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

የተደረገው ተደርጓል። ለጊዜው ነገሩን በቤታችሁ ያዙት። ከትንሣኤ በኋላ ረጋ ብዬ የሚባለውን አስባለሁ።

ሰራዊት


አሶሳ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዲያቆን ሰራዊት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ያንን ሁሉ አሳልፎ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይመስገን።

ጉንፋን? አንተ ሰው፣ ጉንፋን ትላለህ? በርበሬው የአምና ነው ብላ ገበያዬን ያፈረሰችው ያንተን ትምህርት ሰምታ እኮ ነው! ሔለን ጉንፋን የለባትም። በሚቀጥለው እሑድ ቆመህ ይህን ለልጆችህ ንገራቸው፤ ካልነገርክ ግን እንግዲህ የእኔን ልጅ አታስተምር። አንተንም ለማሳፈር አይደለም። እነሱም በየቤታቸው የሚደብቁት ነገር አያጡምና ይጠቅማቸዋል።

በቤታችሁ ያዙት ላልከው፣ ደብዳቤህ ሳይደርስ ገበያው ሁሉ ሰምቶ ነበር። የመዝሙር ክፍሉ ሔለንን ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፊ ብሏታል። አልቅሳለች፤ እኔም አብሬያት። ይሁን።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ ሙላቱ ወሰድኳት። ሁሉንም ነገረቻቸው። በሕማማት ሳምንት መፍታት እንደሌለ ታውቃለህ፤ ዓርብ ነይ አሏት። ልንወጣ ስንል መለሷት።

«ልጄ፣ የሥጋውን ዓርብ እፈታሻለሁ። ዝም ላልሽበት ግን ያቺ ልጅ ሳትፈታሽ የእኔ መፍታት ምን ያደርግልሻል? ቀድመሽ እሷ ጋ ሂጂ።»

ሄደች። ኢንዓም በሩን ከፍታ ቆማ፣ ቄሱ ያሏትን ጭምር ሰማቻት። ከዚያ «እኔ ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ለማን ብለሽ ዝም አልሽ?» ብላት በሩን ዘጋችው። ረቡዕም ሄደች፤ ሳሊማ ወጥታ «ይቆጣል ገና፣ ተወው» አለቻት። ሐሙስም ሄደች፤ የወጣ ሰው የለም። እኔ በየቀኑ ከደጃፋቸው ስትመለስ እያየሁ አንዴ በኢንዓም እናደዳለሁ፣ አንዴ በሔለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ባንተ። ኢንዓምን ሄጄ ልለምናት ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ነበር። ሔለን «እማ፣ ተዪ፣ መናደድ መብቷ ነው» ብላ አስቀመጠችኝ። መብቷ እንደሆነማ እኔም አውቃለሁ! መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ዓርብ ስቅለት ሲሰገድ ዋለ። ማምሻውን ሕዝቡ ለጥብጠባ ተሰለፈ፤ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባውን እየመቱ ስንት እንደሚሰግድ ይነግሩታል። ሔለን አልተሰለፈችም። ከዛፉ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ሰልፉ እየሳሳ መጣ፤ ሄደሽ ቁሚ ብላት «እንዴት ብዬ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ነው በአጥሩ በር ላይ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማ ያየሁት። አልገባችም፤ አንዷን ምእመን ቄሱን ጥሪልኝ ብላታለች። ቄስ ሙላቱ ወይራውን እንደያዙ ሄዱ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ።

«አባ፣ እኔ ኢንዓም ነኝ» አለች። «ሔለንን ፈትቻታለሁ። እሷ ብትነግርዎት ላያምኗት ይችላሉ ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት።»

«እሷንማ አምናታለሁ» አሉ ቄሱ። «ቢሆንም መምጣትሽ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ።» ዞር ብለው ሔለንን ጠሯት።

ሔለን እየተደናቀፈች መጣች። ሁለቱ ተያዩ። ሔለን እዚያው በሩ ላይ፣ ቄሱ ፊት ጎንበስ አለች። ቄስ ሙላቱ በወይራው ጀርባዋን ጥቂት ጊዜ መታ መታ አደረጉና ሊተዉ ሲሉ ኢንዓም አንገቷን ከአጥሩ በላይ ሰገግ አድርጋ፣

«አባ፣ ይጨምሩላት!» አለች።

በስቅለት ሰው አይስቅም። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ሔለን ጎንበስ እንዳለች ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይም። ቄሱ ኢንዓምን አዩ፣ ሔለንን አዩ።

ጨመሩላት።

እህትህ ጤናዬ